ፕሮፋይልህን ስንት ሰው ያውቀዋል? አንተንስ?



ዛሬ ስለ ፖለቲካ አይደለም የምንጽፈው። ወይም ደግሞ ነው፤ አንብበህ ስትጨርስ ራስህ ትፈርዳለህ። «አንተ» ስል እህቴ አንቺንም ማለቴ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው ሳምንት የለጠፍከውን ፎቶ አስታውስ። ውሸት ነው እያልኩህ አይደለም። ፎቶው ያንተ ነው፣ ሳቁም ያንተ ነው፣ ከጀርባህ ያለው ባንዲራም የሁላችንም ነው። ግን ፎቶውን ከመለጠፍህ አምስት ደቂቃ በፊት ምን እየተሰማህ ነበር? ከለጠፍከው በኋላስ ስንቴ ተመልሰህ ላይክ ቆጠርክ? ላይክ ያላደረገው ማን እንደሆነስ ስንቴ ፈተሽክ?

መልሱን ኮሜንት ላይ አትጻፍልኝ። ለራስህ ያዘው።

አሁን ከእኛው መካከል የሆነ ነገር ልንገርህ። ስሙን አልጠራም፣ ከተማውንም አልናገርም። በየዘመቻው ቀድሞ የሚገኝ ልጅ ነበር። «ፕሮፋይል ቀይሩ» ሲባል በደቂቃ ውስጥ ይቀይራል። ኮሜንት ላይ ተሳዳቢ ሲመጣ ቀድሞ የሚገጥመው እሱ ነው። ፎቶዎቹ ላይ ሁሌም ደረቱን ነፍቶ ነው የሚቆመው። እኛም «ጀግናችን!» እያልን የልብ ምልክት ስንደረድርለት ከረምን። ከዚያ አንድ ቀን ጠፋ። አንድ ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ። ማን የደወለለት ይመስልሃል? ማንም። ስልክ ቁጥሩ ያለው ሰው አልነበረማ! በሺህ የሚቆጠር ጓደኛ ያለው ልጅ፣ «የት ገባህ?» ብሎ የሚደውልለት አንድ ሰው አጣ።

በኋላ ስንሰማ ከሥራ ከወጣ ወራት አልፎታል። የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት ዘመድ ቤት ሳሎን ላይ ነበር የሚተኛው። ያን ሁሉ ፎቶ ሲለጥፍ፣ ያን ሁሉ «ድል የእኛ ነው» ሲጽፍ፣ ለአንዳችንም ትንፍሽ አላለም። «ለምን አልነገርከንም?» ስንለው የመለሰልን መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፦ «ጀግና ብላችሁኝ እንዴት ብዬ ልናገር?»

ልብ በል። ልጁ አላታለለንም። መውጫውን የዘጋንበት እኛ ነን። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችኝም ያቺ መልስ ናት።

ይህ ነገር ከሥነ ልቦና አንጻር ስም አለው። ቁርኝት ይባላል። ጆን ቦልቢ የሚባል እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት ያነሳው ሐሳብ ነው። ነገሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ሕፃን ልጅ እናቱን ወይም አሳዳጊውን የሚፈልገው ስለምታጠባው ብቻ አይደለም። ሲፈራ የሚሸሽበት፣ ሲረጋጋ ደግሞ ተነስቶ ዓለምን ለማየት የሚሄድበት መነሻ ይፈልጋል። ያ መነሻ አስተማማኝ ከሆነ ልጁ ደፋር ይሆናል። ካልሆነ ደግሞ ሌላ ዘዴ ይፈጥራል።

«ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» የምትል ካለህ ትንሽ ታገሰኝ። ይህን ሐሳብ ሜዳ ላይ ወርዳ የፈተሸችው ሜሪ ኤንስዎርዝ የሜዳ ጥናቷን የጀመረችው ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ሳይሆን እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች እናቶችና ሕፃናት እንዴት እንደሚኖሩ ተመለከተች። ከዚያ በኋላ ነው አሜሪካ፣ ባልቲሞር ሄዳ ዝነኛ የሆነውን ሙከራዋን የሠራችው። ስለዚህ ይህ እውቀት ሲጀመር የአፍሪካ እናቶች ጓዳ ውስጥ ነው የተለቀመው።

ሙከራው ቀላል ነው። አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ከእናቱ ጋር መጫወቻ ያለበት ክፍል ይገባል። የማያውቁት ሰው ይመጣል። እናትየው ለጥቂት ደቂቃ ትወጣለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። አጥኚዎቹ በተለይ የሚያዩት ስትወጣ ማልቀሱን ሳይሆን ስትመለስ የሚያደርገውን ነው።

አንዳንዱ ሕፃን ያለቅሳል፤ እናቱ ስትመለስ ግን ሮጦ ይታቀፋታል፣ ይረጋጋል፣ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ይህ የተረጋጋ ቁርኝት ነው።

ሌላው እናቱ ስትመለስ ይጣበቅባታል፣ ግን አይረጋጋም። ታቅፋው ይገፋታል፣ ይመታታል፣ እንደገና ደግሞ ይንጠለጠልባታል። ተመልሳ እንደማትጠፋ እርግጠኛ አይደለም። ይህ ስጉ ቁርኝት ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይመስላል። እናቱ ብትወጣም ብትገባም ፊቱን አዙሮ መጫወቻውን ይነካካል። «እንዴት ያለ ጎበዝ ልጅ ነው!» ያስብላል። ይህ ሸሺ ቁርኝት ይባላል። ግን ቆይተው ሌሎች ተመራማሪዎች የእነዚህን «ጎበዝ» ሕፃናት የልብ ምት ሲለኩ ምን አገኙ መሰለህ? ልባቸው እንደሚያለቅሱት ልጆች ነው የሚመታው! ፊታቸው ጸጥ ብሏል፣ ውስጣቸው ግን እየጮኸ ነው። አባቶቻችን ይህን በሁለት ቃል ጨርሰውታል፦ ውስጡን ለቄስ።

(አራተኛ ዓይነት አለ፣ የተዘበራረቀ የሚባል፤ መጽናኛ ሊሆን የሚገባው ሰው ራሱ ሲያስፈራ የሚመጣ ነው። እሱ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል።)

አሁን «እኔ ሕፃን አይደለሁም» ትለኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1987 ሃዛን እና ሼቨር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ ሐሳብ ወደ አዋቂዎች ፍቅር አመጡት። ዴንቨር ከተማ ይታተም በነበረ ጋዜጣ ላይ መጠይቅ አወጡና ከመለሱት ሰዎች 56 በመቶ ያህሉ የተረጋጋ፣ 25 በመቶ ያህሉ ሸሺ፣ 19 በመቶ ያህሉ ስጉ ሆነው አገኙ። የአንድ አሜሪካ ከተማ ጋዜጣ አንባቢዎች ናቸውና ቁጥሩን ወደ እኛ ሰፈር አትገልብጠው። ባሕርያቱን ግን እስቲ ስልክህን ከፍተህ ፈልጋቸው።

ስጉው እዚያ አለ። ይለጥፋል፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በቂ ላይክ ካላገኘ ያጠፋል። «አይታዋለች ግን አልመለሰችም» ብሎ ሌሊቱን ይገላበጣል። ለአንድ ሰው ማለት የፈለገውን ለአንድ ሺህ ሰው ስቶሪ ላይ ይለጥፋል። «ማን እውነተኛ ወዳጄ እንደሆነ ልይ» ብሎ ፖስት ያደርግና ዝም ያለውን ሁሉ ከጓደኝነት ይሰርዛል።

ሸሺውም አለ። ገጹ ላይ ድካም የለም፣ እንባ የለም፣ ጥያቄ የለም። «ብቻዬን በቂ ነኝ»፣ «ማንንም አልፈልግም» የሚሉ ጥቅሶች ይደረድራል። ኢንቦክስ «ደህና ነህ ወይ?» ስትለው አውራ ጣት ይልክልሃል። ነገሩ ሲከብደው ደግሞ አካውንቱን ዘግቶ ይጠፋል። የእኛው ልጅ ይሄ ነበር። እኛ ደግሞ ዝምታውን ጀግንነት ብለን ሰየምነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳት። ይህ ኮከብ ቆጠራ አይደለም። ቲክቶክ ላይ ባየኸው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ተነስተህ ፍቅረኛህን «አንቺ ሸሺ ነሽ» ብለህ እንዳትፈርጅ፤ እናትህንም እንዳትከስ። ብዙዎቻችን ከአንድ ሰው ጋር የተረጋጋን፣ ከሌላው ጋር ስጉ ነን። ደግሞም የማይለወጥ ዕጣ ፈንታ አይደለም። በልጅነቱ ያላገኘውን መረጋጋት በኋላ ከጥሩ ጓደኛ፣ ከጥሩ ትዳር፣ ከጥሩ አስተማሪ ያገኘ ሰው ሞልቷል።

«ታዲያ ምን ይሁን? ገመናችንን አደባባይ እናስጣ?» ልትለኝ ነው። አይደለም! እዚህ ጋ በደንብ እንግባባ።

ኤርቪንግ ጎፍማን የሚባል የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሰው ሁሉ በሰው ፊት ሲሆን እንደ ቴአትር ተዋናይ ነው፤ መድረክ አለው፣ ከመድረክ ጀርባም አለው ይላል። እኛ ይህን ለመረዳት ቴአትር ቤት መሄድ አያስፈልገንም። ሳሎንና ጓዳ አለን። እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑ ይጠረጋል፣ ያልተነካው ብርጭቆ ይወጣል፣ ጠቡ እንኳ ለጊዜው ይቆማል። ይህ ውሸት አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ጓዳ ደግሞ ጭሱ አለ፣ ያልታጠበው ዕቃ አለ፣ እናትህ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን የምትጠርግበት ቦታ ነው። ጓዳ የሚገባው ሁሉም ሰው አይደለም፤ ግን የሚገባ ሰው አለ። ያቺ ሳትጠራ መጥታ ሽንኩርት የምትከትፈው ጎረቤት አለች።

ስለዚህ ችግሩ ሳሎንህን ማሳመርህ አይደለም። ችግሩ ጓዳህ የሚገባ ሰው ማጣትህ ነው። ሳሎኑ አምስት ሺህ ሰው ይይዛል፣ ጓዳው ግን ባዶ ነው። ይባስ ብሎ ስልኩ ሳሎኑን ሃያ አራት ሰዓት ክፍት አደረገው። ድሮ እንግዳ ይሄድ ነበር፣ በሩ ይዘጋል፣ ቀበቶህን ፈታ አድርገህ ትቀመጣለህ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ላይክ የሚባለውን ቁልፍ ካመጣ ወዲህ ግን እንግዳው ውጤት እየሰጠህ ነው የሚቀመጠው። ሰው ነህና ቀስ በቀስ ውጤት የሚያስገኘውን ፊት ብቻ ማሳየት ትለምዳለህ።

ዊኒኮት የሚባል የሕፃናት ሐኪም ይህን ሐሰተኛ ማንነት ብሎታል። ልጁ የራሱ ስሜት ሰሚ ሲያጣ፣ ሌሎች የሚፈልጉትን ልጅ ሆኖ መቅረብ ይጀምራል። ለክፋት አይደለም፣ እውነተኛውን ለመደበቅ ነው። ጣጣው ምንድን ነው? ምስጋናው ሁሉ የሚደርሰው ለጭምብሉ ነው። አምስት መቶ ሰው «ጀግና ነህ» ሲልህ ውስጥህ ያለው ልጅ «እኔን እኮ አያውቁኝም» ይላል። ለዚህ ነው ብዙ ላይክ ባገኘህበት ምሽት ይበልጥ ብቸኝነት የሚሰማህ።

ይህ ጨዋታ ዋጋ የለውም እንዳትል። ሪያድ ወይም ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህታችንን አስብ። የአሠሪዋ ሳሎን ሶፋ ላይ ተቀምጣ ፎቶ ትነሳለች። ለመዋሸት አይደለም፤ እናቷ እንዳትጨነቅ፣ የብድሩ ባለቤት እንዳይናገራት፣ ሰፈሩ «ምን አተረፈች?» እንዳይል ነው። ይሉኝታ ነው። ግን ያቺን ፎቶ የሰፈሯ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ያያታል። ደላላውም ያያታል፣ ያሳያልም። ልጁ በጅቡቲ፣ በኦቦክ በኩል ጀልባ ላይ ሲሳፈር፣ ከዚያም የመንን በእግሩ ሲያቋርጥ፣ ልቡ ውስጥ ያለችው ያቺ ሶፋ ናት። እህታችን «ደክሞኛል፣ ደመወዜን ሦስት ወር አላገኘሁም» የምትልበት አንድ ጓዳ ቢኖራት፣ የልጁ ጆሮም እውነቱን ይሰማ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ይህ ገጽ የሀገር ፍቅር ገጽ ነው። ሀገርን መውደድም ቁርኝት ነው። ስለዚህ የተረጋጋ የሀገር ፍቅር አለ፣ ስጉ የሀገር ፍቅርም አለ።

የተረጋጋው ሰው ሀገሩን ሲወዳት ስህተቷን መስማት አይፈራም። ትችት ሲመጣ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እውነት ከሆነ ሊያስተካክል ይነሳል። ፍቅሩ በአንድ ኮሜንት አይፈርስማ! ስጉው ግን ጥያቄ ሁሉ ክህደት ይመስለዋል። ሌላውን መፈተን ይወዳል። «ለምን ፕሮፋይልህን አልቀየርክም? ለምን ሼር አላደረግክም? ዝም ያልከው ለምንድን ነው?» ልክ እንደዚያ ሕፃን ነው፦ የተመለሰችለትን እናቱን የሚመታው።

እውነቱን እንነጋገር። ባለፈው ዘመቻ ፕሮፋይል ያልቀየሩትን ስም በስክሪንሾት ያወጣው ማን ነው? እኛ ነን። «ባንዳ» ያልነውስ ማን ነው? እኛው ነን። ባንዳ ማለት እኮ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለጠላት አድሮ ወገኑን የወጋ ሰው ነው። አያቶቻችን ያን ቃል ሲናገሩ ፊታቸው ይለወጥ ነበር። እኛ ዓርብ ማታ ፎቶ ላልቀየረ ልጅ አደረግነው። ማን ያውቃል፣ ልጁ ያን ዕለት ሆስፒታል አባቱን እያስታመመ ይሆናል። ስንጠይቅ አይደለ የምናውቀው!

ሌላም ጉዳት አለው። ታማኝነትን በፎቶ ከለካህ፣ ፎቶ ያለው ሁሉ ታማኝ ይሆንልሃል። ባንዲራ ለጥፎ «ለወገን» እያለ ብር የሚሰበስበውን ፌክ አካውንት በምን ትለየዋለህ? ባንዲራውን አንተም እሱም እኩል ዳውንሎድ ታደርጋላችሁ። እርስ በርሱ በፊት፣ በድምፅ፣ በሥራ የሚተዋወቅን ሰው ግን ማንም ፌክ አካውንት አያታልለውም።

በየዓመቱ የካቲት 23 የዐድዋን በዓል ስናከብር ፎቶ እናሳምራለን። ጥሩ ነው፣ እኔም አሳምራለሁ። ግን የ1888ቱ ዘመቻ ፎቶ አልነበረም። እህል ፈጭቶ፣ በቅሎ ጭኖ፣ ውሃ ቀድቶ ወራት በእግር የተሄደበት ነው። መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ የተፈታው የውሃው ምንጭ በመያዙ ነበር፤ በዚህም የእቴጌ ጣይቱ ስም ይነሳል። ሌሊት ምንጭ ዳር ሲጠብቅ ያደረ ወታደር ማንም አላየውም። ከጎኑ የነበረው ጓደኛው ብቻ ነው ያወቀው። የቆመውም በእሱ ተማምኖ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል የሚባለው እኮ ድሩ እውነተኛ ሲሆን ነው።

«ጠላት እያየን ድክመታችንን እናሳይ ወይ?» ለሚለው ወንድሜ መልሴ አጭር ነው። ለጠላት አታሳይ፣ ለአደባባዩም አታሳይ። ለአንድ ሰው አሳይ። መሣሪያችን ድሮም አለን። ዕድር አለን፤ ዕድርተኛ ለቅሶ ሲመጣ «ስንት ፎሎወር ነበረው?» ብሎ አይጠይቅም። ቡና አለን፤ አቦሉ ላይ ሁሉም ደህና ነው፣ ቶናው ላይ ትንሽ ወሬ ይወጣል፣ በረካው ላይ ሰው እውነቱን ይናገራል። ስልክህ ሁሌ አቦል ላይ ነው የሚያቆምህ። በረካ ድረስ አብሮህ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልግሃል።

እንግዲህ ወሬ ብቻ እንዳይሆን፣ እንዲህ እናድርግ።

አንደኛ፦ ከዚህ ገጽ የምታውቀውን፣ በአካል ግን የማታውቀውን አንድ ሰው ስልክ ቁጥር ዛሬ ተቀበል። አንድ ብቻ። እህቶች ደግሞ በመረጣችሁት ሰውና በመረጣችሁት መንገድ፤ ማንም ቁጥር ስጪ ብሎ አያስገድድሽም።

ሁለተኛ፦ ከመለጠፍህ በፊት «ይህን የምለጥፈው ልናገር ነው ወይስ ልፈተሽ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ለአንድ ሰው የምትለው ከሆነ ለሰውዬው ደውልለት።

ሦስተኛ፦ ሰው አትፈትን። ከፈለግከው «ፈልጌህ ነበር» በለው። ይህች አንድ ቃል ከመቶ ስቶሪ ትበልጣለች።

አራተኛ፦ አንድ ሰው ከጠፋ ሁለት ሰው ይደውል። «ጀግናው የት ጠፋ?» ብሎ ኮሜንት መጻፍ መደወል አይደለም።

አምስተኛ የእኛ የገጹ አዘጋጆች ዕዳ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ፕሮፋይል ያልቀየረ ሰው ስም እዚህ ገጽ ላይ አይወጣም። በየከተማው ያላችሁ አባላት ደግሞ አምስት አምስት ሆናችሁ በአካል ተዋወቁ፤ አጀንዳ አያስፈልግም፣ ቡና ይበቃል። ያላደረግነውን ብታዩ ኮሜንት ላይ ወቀሱን፣ አናጠፋውም።

ነገሩ ከጓደኛ አቅም በላይ ከሆነ፣ እንቅልፍ ካጣህ፣ መኖር ካስጠላህ፣ ሐኪም ጋ መሄድ ውርደት አይደለም። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በሌላ ከተማም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ጠይቅ። «እብድ ይሉኛል» አትበል። እግሩ የተሰበረ ሰው አንካሳ እንዳይሉኝ ብሎ ቤቱ አይቀመጥም።

ያ ልጅ አሁን ደህና ነው። ሥራ ገና አላገኘም፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ሆነን እንገናኛለን። ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ፎቶ ያው የድሮው ነው፣ ደረቱን እንደነፋ። እኛ ግን አሁን ከፎቶው ጀርባ ያለውን እናውቀዋለን፤ እሱም እንደምናውቀው ያውቃል። ለእኔ ንቅናቄ ማለት ይሄ ነው።

ልማዳችን መጨረሻ ላይ «ሼር አድርጉ» ማለት ነበር። ዛሬ መጀመሪያ ደውል። ሼሩ ይደርሳል።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!